የሮቶው ሦስተኛ ቁልፍ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳን ዘልዬዋለሁ። ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን፣ በጾም የቀመስኳትን ቁራጭ ሥጋ ሳይቀር ስዘረዝር እቆይና እዚህች ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሌላው እንደተለመደው ነው አባ» ብዬ እነሣለሁ። እንደተለመደው! የአንድን ሽማግሌ ስም አጥፍቶ ከኖሩበት ግቢ ማስወጣት ከመቼ ወዲህ ነው የተለመደ ነገር የሆነው? ዛሬ እርስዎ ያድምጡኝ። ካህን አይደሉም፣ አያውቁኝም፤ የመረጥኩዎትም ለዚሁ ነው። ብቻ መሀል ላይ ገብተው «አይዞህ፣ ሰው ነህ» እንዳይሉኝ። ይህቺን ለራሴ ስላት ስለኖርኩ ሰልችታኛለች።

ውሃ ሰርቄያለሁ። ጅግጅጋ ውስጥ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ለዓሣ ብዬ ውሃ ሰርቄያለሁ። አዎ፣ ስጽፈው እኔንም ያናድደኛል።

ስሜ ተሾመ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፤ አያቴ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። የምኖረው በሐጂያ መርየም ግቢ ነው። ግቢው አምስት ቤት አለው። አራቱ የሶማሌ ቤተሰቦች ናቸው፣ አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ዓሣ ነበረኝ።

ሰው ሁሉ አፉን በጭምብል ሸፍኖ ይሄድ በነበረበት ዓመት መሥሪያ ቤታችን በፈረቃ ያሠራን ጀመር። ግማሹን ሳምንት ቤቴ ተቀምጬ ስልክ ስነካካ ነው ዓሣዎቹን ያየኋቸው። ቤታ ይባላሉ። ሰው የሚያውቃቸው ቀያይና ሰማያዊ፣ ክንፋቸው እንደ መጋረጃ የተንዘረፈፈ ቤታዎች አሉ፤ እኔ የወደድኩት እነሱን አይደለም። እኔ የወደድኩት የዱሮቹን፣ ማንም ያላዳቀላቸውን፣ ቡናማዎቹን ነው። አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ዓሣ ሻጭ ደወልኩ። ሻጩ ራሱ አዘነልኝ። «ወንድሜ፣ ቀይ አለኝ፣ ሰማያዊ አለኝ፤ ይሄን እኮ ማንም አይወስደውም» አለኝ። እኔ ወሰድኩት። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በላስቲክ ታሽገው በአውሮፕላን መጡልኝ።

ለምን እነሱን? የዚህ ዓሣ ወንዱ ነው ልጅ የሚሸከመው። ሴቷ ዕንቁላሏን ትጥልና እየለቀመች ወደ እሱ ትተፋለታለች፤ እሱ እየተቀበለ በአፉ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት፣ ጉንጩ አብጦ፣ አንዲት ነገር ሳይቀምስ፣ ጥግ ይዞ ይቆማል። ልጆቹ ሲደርሱ አንድ በአንድ ይተፋቸዋል። ይህን ሳይ ልቤ ተነካ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ከተረበሸ፣ ወይም ውሃው ካልተስማማው፣ ወይም እንዲሁ ካሰኘው፣ ልጆቹን ዋጥ አድርጎ ምሳው ሊያደርጋቸው መቻሉን ነው። እኔም ሦስት ጊዜ በላብኝ። ሦስት ጊዜ! ጠዋት ጉንጩ አብጦ ትቼው ሄጄ ማታ ስመለስ ሆዱ አብጦ ጠበቀኝ።

ጥፋቱ የውሃው ነው አልኩ። ይህ ዓሣ ጨው የሌለው ለስላሳ ውሃ ይወዳል፤ አገሩ ጫካ ውስጥ የሚፈስ ጅረት ነው። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ውሃ ከሰማይ ካልወረደ የለም። የቧንቧው በመጣ ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። የአህያ ጋሪው ውሃ ደግሞ ጨው ጨው ስለሚል ሻይ እንኳን ያበላሻል። የቀረው የግቢያችን ሮቶ ነው።

ስለ ሮቶው ልንገርዎት። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከቆርቆሮው በአሸንዳ ወርዶ ትልቁ የፕላስቲክ ታንከር ውስጥ ይገባል። ለልብስና ለገላ የጋሪ ውሃ እንገዛለን፤ የሮቶው ለመጠጥና ለሻይ ብቻ ነው። በበጋ ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለት ጀሪካን ይደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ለሐጂያም ቢሆን አይጨመርም። ቧንቧው ላይ የብረት ሳጥን ተበይዶበት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ቁልፉን የሚይዘው ግቢው የመረጠው ሰው ነው፣ በየቅዳሜው መሰላል ላይ ወጥቶ ውሃውን በዱላ የሚለካውም እሱ ነው። ያ ሰው አዴር ጃማ ነበሩ።

አዴር ማለት በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምጠራቸው። በልጅነታቸው ግመል ጠብቀዋል፣ በጉልምስናቸው በባቢሌ መንገድ የጭነት መኪና ነድተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከልጃቸው ከሆዳን ጋር ይኖሩ ነበር፤ ሆዳን በራችን ላይ ሻይ ትሸጣለች። የመለኪያው ዱላ የሳቸው ነው፣ ምልክቶቹንም በገዛ ቢላቸው ነው ያበጁት። ቁልፉን በሽርጣቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙታል፤ ሲተኙም አይፈቱትም ትል ነበር ሆዳን።

ዓሣዎቼን መጀመሪያ ሲያዩ ከልባቸው ተቸገሩ።

«ይበላል?» አሉኝ።

«አይበላም አዴር።»

«ይታለባል?»

«ኧረ አይታለብም።»

«ይጫናል? አይጫንም። ዋርያ፣ አንተ ተሾመ፣ ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

የወንዱን ነገር ስነግራቸው ግን ዱላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ። «ሃያ ቀን ምንም አይበላም? ልጆቹን በአፉ ይዞ? ምራቁንስ እንዴት አድርጎ ነው የሚውጠው?» አሉኝ። እኔ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለዚህ ዓሣ ሳነብ የማድረው ሰውዬ፣ ይህን ጥያቄ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ መጥተው ያዩታል። ሦስተኛውን ጊዜ በልቶብኝ ስጮህበት «አትሳደብበት፣ ገና ጎረምሳ ነው፤ አባትነት ይለመዳል» ብለው የተቆጡኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ ከተማ የዓሣዬን ነገር ከቁም ነገር የቆጠሩት ብቸኛው ሰው እሳቸው ነበሩ። እኔም ለማጥፋት የመረጥኩት እሳቸውን ሆነ።

መጀመሪያ የራሴን ድርሻ ነበር ለዓሣዎቹ የምሰጠው፤ እኔ የጋሪውን ጨው እየጠጣሁ። ሆዴ ታመመ፣ ኩላሊቴን አመመኝ፣ ግን ቢያንስ ሌባ አልነበርኩም። ኋላ የሮቶው ጓጉንቸር ዛገና አዴር ጃማ ጉልበታቸውን ስላመማቸው አዲስ ገዝቼ እንድመጣ እኔን ላኩኝ። ገዛሁ። ከጓጉንቸሩ ጋር ሦስት ቁልፍ ነበረው። ሁለቱን በእጃቸው ሰጠኋቸው።

«ሁለት ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ነው» አልኳቸው።

ሦስተኛው ኪሴ ውስጥ ነበር። ለብዙ ጊዜ ረስቼው ነው እያልኩ ለራሴ ሳወራ ኖሬያለሁ። አልረሳሁትም። «ሁለት ነው» ስል ጣቴ ኪሴ ውስጥ ሦስተኛውን ነክቶት ነበር። ለምን አደረግሁት? ምናልባት ያስፈልገኛል ብዬ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዝናቡ ቀረ። የሚያዝያው ቀረ፣ የሐምሌውም ቀረ። ከገጠር የሚመጣው ሰው ስለሞቱ ከብቶች ሲያወራ እየሰማሁ እኔ ስለ ዓሣዬ ጉንጭ አስብ ነበር። ያን ጊዜ ነው የጀመርኩት። ዓርብ ዓርብ መሥሪያ ቤት ከቀትር በፊት ይዘጋል። የግቢው ወንዶች መስጊድ ይሄዳሉ፣ ሆዳን ሻይዋን ትዘጋለች፣ ሴቶቹ በየቤታቸው ይሰግዳሉ። ሮቶው ያለው ከእኔ ክፍል ጀርባ ነው። በዚያ ሰዓት በግቢው ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው እኔ፣ ክርስቲያኑ፣ ብቻ ነኝ። ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ ጀሪካኔን እደቅናለሁ፤ ውሃው ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይሸፍንልኛል። ጎረቤቶቼ እየጸለዩ እኔ የሚጠጡትን ውሃ እሰርቃለሁ። አንድ ዓርብ አይደለም፣ ሁለት ዓርብ አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓርብ።

አዴር ጃማ አንድ ከሰዓት ዓሣዎቹ ፊት ተቀምጠው «ውሃቸውን ከየት ነው የምታመጣው?» አሉኝ። ያለምንም ችግር «የታሸገ ውሃ ገዝቼ» አልኳቸው። ለዓሣው ይስማማዋል ብዬ የደረቀ የዘይቱን ቅጠል ስለምነክርበት ውሃው ሻይ መስሎ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩትና «ደህና ውሃ ነው» አሉ።

ውሃው መጉደሉን መጀመሪያ የተናገረው ማን ይመስልዎታል? ራሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከመሰላሉ ወርደው፣ እርጥቡን ዱላ ለሁሉም እያሳዩ፣ «ውሃው ይጎድላል። እኔ ከሰጠሁት በላይ ይጎድላል» አሉ። ሌባ ቢሆኑ ዝም አይሉም ነበር? ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ ይጠይቃል? በዚያ ግቢ አንድም ሰው አላሰበውም። እኔ አስቤዋለሁ። አስቤው ዝም አልኩ።

መጀመሪያ ፈስሶ ይሆናል ተባለ። የሮቶውን ሥር ቆፈሩ፤ አፈሩ አመድ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጎደለ። ከዚያ ሰው መተያየት ጀመረ። ሐጂያ መርየም ሁላችንንም ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰበሰቡን፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። ማንም አዴር ጃማን «ሰረቅህ» አላላቸውም። ቢሉ ይሻል ነበር። አንዱ «ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው» አለ። ሌላይቱ ሌላ ነገር የምታወራ መስላ «ሰሞኑን የሆዳን ሻይ በጣም ይጣፍጣል» አለች። የሆዳን ሻይ ሁልጊዜም ይጣፍጣል! ድርሻቸውን ራሳቸው ሳይጠጡ ለሻዩ እንደሚሰጧት አውቃለሁ፤ ነግረውኛል። አፌን ከፍቼ ይህቺን ብቻ እንኳን አልተናገርኩም።

አዴር ጃማ አልተከራከሩም፣ አልማሉም። የሽርጣቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ቶሎ አልፈታ አላቸውና ሁላችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን። ቁልፎቹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ። ሁለቱን።

ሐጂያ ዞር ዞር ብለው አዩና «ተሾመ ይያዘው» አሉ። «የመንግሥትን ፋይል የሚጠብቅ ሰው ነው። ከማናችንም ጋር ዘመድ አይደለም፤ ለማንም አያዳላም።»

ሁሉም ተስማማ። ምንጣፉ ላይ ሁለት ቁልፍ፣ ኪሴ ውስጥ አንድ ቁልፍ፣ አራት ቤተሰብ ዓይን ዓይኔን እያየ። እጄን ዘርግቼ አነሣኋቸው። «እሺ» አልኩ። ይቺ «እሺ» ከአሥራ አንዱ ጀሪካን ትከብደኛለች። ውሃውን ስሰርቅ ማንም ላይ አላነጣጠርኩም ብዬ ልከራከር እችል ይሆናል። «እሺ» ስል ግን ሰውዬው ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ዱላውንም ራሳቸው ከግድግዳው አንሥተው አመጡልኝ። «ሦስተኛዋ ምልክት ላይ ትንሽ ትሳሳታለች፤ አንድ ጣት ቀንስላት» አሉኝ። ለሌባቸው አለካክ ያስተምራሉ!

የባሰው ገና አልመጣም። በዚያው ሰሞን ወንዱ ዓሣ ለአራተኛ ጊዜ ዕንቁላል ያዘ። ዕንቁላል የያዘ ዓሣ ውሃው አይቀየርም፤ ከተነካ ይውጣል። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት አንድ ጠብታ አልሰረቅሁም። በየቅዳሜው መሰላል ላይ ወጣሁ፣ ለካሁ፣ ልክ ሆኖ ተገኘ። ልክ! ግቢው እርስ በርሱ ተያየ። ቁልፉ ከአዴር ጃማ እጅ በወጣ ማግስት ውሃው መጉደል አቆመ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እኔ ታማኝ ሆንኩ፣ እሳቸው ሌባ ሆኑ፤ ይህን ያደረገው ደግሞ የኔ አለመስረቅ ነው። አንድ ጀሪካን ቀድቼ አፍስሼ «አሁንም ይጎድላል» ብል ኖሮ፣ ምንም ሳልናዘዝ ነጻ አወጣቸው ነበር። ይህም ታይቶኛል። ታዲያ ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ማን ነው? እኔ ነኛ! ስለዚህ መሰላሉ ላይ ቆሜ እርጥቡን ዱላ ከፍ አድርጌ «ልክ ነው» አልኩ። ሦስት ቅዳሜ።

የሆዳን ሻይ ደንበኛ አጣ። የሰፈሩ ሰው አልፏት ሄዶ ማዶ መጠጣት ጀመረ። ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ መናኸሪያው ሄደች። አዴር ጃማ የሮቶውን ውሃ መጠጣት ተዉ፤ ድርሻቸውን ስቀዳላቸው «ለሐጂያ ስጣት» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ከሆዳን ጋር ጉናጋዶ ወዳለው ወንድማቸው ሊሄዱ ነው ተባለ።

ሊሄዱ ባሉበት ቀን ከዓስር በኋላ መጡ። ከስብሰባው ወዲህ አልመጡም ነበር። በዕድል ነው እንዳልል እፈራለሁ፣ ግን ወንዱ ልጆቹን መትፋት የጀመረው በዚያው ከሰዓት ነው። አንድ ወጣች፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ዓይን ብቻ። ቆይቶ ሌላ። አዴር ጃማ አንገታቸውን ሰግገው ቆጠሩ። «አሥራ አራት» አሉ፤ እኔ አሥራ ሁለት ነበር ያገኘሁት፣ ደግሜ ስቆጥር እሳቸው ልክ ናቸው። አባትየው ከስቶ ጭንቅላት ብቻ ሆኗል። «አሁን አብላው» አሉኝ፣ «ብዙ ታገሠ።» ከዚያም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንኳን ደስ ያለህ» ብለውኝ ወጡ። በሩ ድረስ አልሸኘኋቸውም። ልጆቹን እያየሁ ነበር።

አሥራ አራቱ የት እንደደረሱ ልንገርዎት? ሰባቱ በሳምንት ውስጥ ሞቱ። ሦስቱን የገዛ አባታቸው በላ። የቀሩትን መብራት በጠፋበት አንድ ብርዳም ሳምንት አጣኋቸው፤ ወላጆቹም ብዙ አልቆዩም። መስተዋቱ ሳጥን ዛሬ የፋይል ማስቀመጫ ሆኗል። ለዚህ ነው እንግዲህ! የአንድ ሰው ስም የጠፋው ለዚህ ነው። ዓሣዎቹ በዝተው፣ ተባዝተው፣ ከተማውን ቢሞሉት ኖሮስ ያስተሠርይልኝ ነበር? አያስተሠርይም። ግን ሁሉም በከንቱ በመሆኑ መናደዴን እርስዎ ይወቁልኝ፤ ለማን ልናገረው?

ቁልፉ አሁንም እኔ ጋ ነው። ዝናቡ ተመለሰ፣ ሮቶው ሞላ፣ ግቢው እኔን እያመሰገነ ይኖራል። ሠርግ ላይ ስጠራ «የአማናው ሰው»፣ የአደራው ሰው ማለታቸው ነው፣ ብለው ያስተዋውቁኛል። በየጊዜው እናገራለሁ እላለሁ፤ ለረመዳን፣ ለፋሲካ፣ ለአዲስ ዓመት። ቀን መቁጠር ላይ ጎበዝ ነኝ።

ትናንት ሆዳን መጣች። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዛለች። ግቢው ውስጥ አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆማ አስጠራችኝ።

«አዴር ተሾመ፣ አባባ ታሟል» አለችኝ። «የጉናጋዶው ውሃ አልሆነውም። ምግብ አይፈልግም፤ የዚህን ግቢ ውሃ ብቻ ነው የሚለው። መብት እንደሌለን አውቃለሁ። አንተ ከፈቀድክ… ለሱ ብቻ ነው፣ ለሻይ አይደለም።»

ለሻይ አይደለም አለችኝ። ለእኔ። ከጉናጋዶ ድረስ መጥታ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ የገዛ ውሃቸውን ከሌባቸው ትለምናለች። ያኔ ነበር መናገር። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው «ነገ ከጁምዓ በኋላ ነይ፣ ሞልቼ አቆይልሻለሁ» የሚል ሆነ። ጀሪካኗን ትታልኝ «አላህ ይስጥህ» አለችኝ። «አሜን» አልኳት።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ዓርብ ጠዋት ነው። አንዴ ከጻፍኩት እንደልማዴ ዘልዬው እንዳልሄድ ብዬ ነው። ሰዎቹ ከመስጊድ ሲመለሱ ኒሙ ሥር ምንጣፍ አነጥፋለሁ፤ ሐጂያን፣ የቀሩትንም ቤቶች፣ ሆዳንንም አስቀምጬ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። ከዚያ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ይቅርታ እንዲሰጡኝ አልጠይቅም፤ ሰውዬው ጉናጋዶ ተኝተው እኔ እዚህ ይቅርታ ብሸምት ሌላ ስርቆት ነው። ከሆዳን ጋር እሄዳለሁ። ቢያስወጡኝም ከደጃቸው እናገራለሁ። በሕይወት ካልደረስኩባቸው የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ መንገዱን አልከስም።

ጀሪካኑን ሞልቼዋለሁ። ከሳምንቱ ድርሻዬ ነው የቀዳሁት፣ ዱላውም ይመሰክራል። ሁለቱን ቁልፎች ምንጣፉ ላይ አስቀምጣለሁ። ሦስተኛውን በጀሪካኑ እጀታ ላይ በሲባጎ አስሬዋለሁ፤ «ሁለት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበርና መልሱን ይዤላቸው እሄዳለሁ።